በግል ጀልባ የሚደረግ የሙሉ ቀን ረጅም የውኃ ላይ ጉዞ፦ ከመርካቶ ተነሥተው ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ለሚጓዙ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በተለይም በመርካቶና በአካባቢው የሚኖሩና የሚሠሩ ዜጎች በዕድር፣ በዕቁብ፣ በመንፈሳዊ ማኅበርና በሥራ ባልደረብነት ተሰባስበው ወደ ጣና ሐይቅ የሚያደርጉት ጉዞ የቆየ ልማድ ነው። ከእነዚህ ተጓዦች መካከል በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኙትን ገዳማት ጎብኝተው በዚያው ዕለት ወደ ባሕር ዳር የሚመለሱ አሉ። የግል ጀልባ ተከራይተው ሐይቁን ከደቡብ ወደ ሰሜን በማቋረጥ እስከ ጎርጎራ የሚዘልቁም አሉ። ሁለተኛው ጉዞ ከፍ ያለ ዝግጅት የሚጠይቅ ሲሆን፣ በቂ መረጃ ሳይያዝ ከተጀመረ የተጓዦችን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ከመነሻ ቦታቸው ጀምሮ እስከ ጉዞው ፍጻሜ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን በቅደም ተከተል ያቀርባል። በተለይ የቡድን አስተባባሪዎች ገንዘብ ከመሰብሰባቸውና ጀልባ ከመከራየታቸው በፊት እንዲያነቡት ይመከራል።

1. ረጅም የውኃ ላይ ጉዞ በአገራችን

የኢትዮጵያ ወንዞች አብዛኞቹ ከደጋ ወደ ቆላ በጥልቅ ሸለቆዎች እየተምዘገዘጉ ስለሚወርዱ ለረጅም የጀልባ ጉዞ አያመቹም። ከዚህ የተለየ ታሪክ ያለው የባሮ ወንዝ ነው። በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ስምምነት በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ጋምቤላ የወንዝ ወደብ ሆና አገልግላለች። በክረምት የወንዙ ውኃ ከፍ ሲል የእንፋሎት መርከቦች በሶባትና በነጭ አባይ በኩል በጋምቤላና በካርቱም መካከል ይመላለሱ ነበር። ከምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና፣ ከውጭ ደግሞ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ያጓጉዙ ነበር።

የአባይ ወንዝ ከጣና ከወጣ በኋላ በድንጋያማ ስፍራዎችና በፏፏቴዎች ስለሚያልፍ ከመውጫው ተነሥቶ በጀልባ ወደ ታች ረጅም ርቀት መጓዝ አይቻልም። የጢስ እሳት ፏፏቴ ከመውጫው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የሚገኝ ሲሆን፣ ጎብኚዎች ወደዚያ የሚሄዱት በተሽከርካሪ ነው። ከባሕር ዳር ጀልባ የሚከራይ ሰው “የአባይ መነሻ” ሲባል የሚወሰደው ወንዙ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አጭር ክፍል ብቻ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

በመሆኑም ቀኑን ሙሉ በግል ጀልባ ለመጓዝ ለአዲስ አበባ ነዋሪ በስፋት የሚታወቀውና የተሟላ አገልግሎት ያለው የውኃ መስመር ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለው ነው። መደበኛው የሐይቅ መርከብ ይህን መስመር በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል እያቆመ፣ ሌሊቱን ቁንዝላ አድሮ በሁለት ቀን የሚያጠናቅቅበት ዘመን ነበር። የግል ጀልባ ተከራዮች ያንኑ ርቀት በአንድ ቀን ለመሸፈን ስለሚሹ የሰዓት አጠቃቀም ወሳኝ ይሆናል።

2. ስለ ሐይቁ መታወቅ ያለበት

የጣና ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በግምት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ዋና ዋና ገባሮቹ ሲሆኑ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ብቸኛ የተፈጥሮ ወንዝ አባይ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ክፍሉ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይህ ለብዙ ተጓዥ የደኅንነት ምልክት መስሎ ይታያል፤ እውነታው ግን ተቃራኒ ነው። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ፈጥኖ ይነሣል። ሞገዶቹ እርስ በርስ የተቀራረቡና ቀጥ ያሉ ስለሚሆኑ ትንሽ ጀልባ አንዱን ተሻግራ ሳትረጋጋ ሌላው ይደርስባታል።

በጣና ማለዳው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል። በዚህ ጽሑፍ የቀረበው የጊዜ ሰሌዳም ሆነ የውል ምክር በዚህ አንድ እውነታ ላይ የተመሠረተ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ወቅት ዝናብ የቀላቀለ ማዕበል በድንገት ሊነሣ ስለሚችል ሐይቁን ለማቋረጥ አይመከርም።

3. ከመርካቶ መነሣት

ከመርካቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዙ ተገልጋዮች በአዲስ ከተማ አውቶቡስ ተራ ወይም በሌሎች የከተማዋ መናኸሪያዎች ከሚሰጡ የአገር አቋራጭ አገልግሎቶች መጠቀም ይችላሉ። ጎጃም በረንዳ ዛሬም ድረስ ስሙን እንደያዘ ያለ ሠፈር ነው፤ መርካቶና የጎጃም መንገድ ያላቸው ትስስርም የቆየ ነው። ከጉዞው በፊት የሚከተሉትን ማሟላት ያስፈልጋል።

• ትኬት ከመስኮት ወይም ሕጋዊ ውክልና ካለው ቢሮ ብቻ መግዛት፤ በመናኸሪያው ዙሪያ ከሚያግባቡ ደላሎች አለመግዛት።
• የታደሰ መታወቂያ መያዝ፤ የቡድን አስተባባሪውም የተጓዦችን ሙሉ ስምና የቅርብ ተጠሪ ስልክ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ማዘጋጀት፤ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ለሚቀር ሰው መስጠት።
• በመንገዱና በሐይቁ ዙሪያ ያለውን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት አስቀድሞ ማጣራት፤ ጉዞው እንዲዘገይ ምክር ከተሰጠ መቀበል።
• ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የአባይ በረሃ የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ባሕር ዳር በደረሱ ማግሥት ሳይሆን አንድ ቀን ዐርፎ ጀልባ መሳፈር ለአረጋውያንና ለሕፃናት የተሻለ ነው።

ከመርካቶ ሸምተው መሄድ የሚፈልጉ ተጓዦች ለስልክና ለሰነድ ውኃ የማያስገባ ላስቲክ፣ ለንጋቱ ብርድ ጋቢ ወይም ጃኬት፣ ለቀኑ ፀሐይ ባርኔጣ ቢይዙ ይጠቅማቸዋል። በአየር የሚነፉ የመዋኛ ጎማዎችና የልጆች የክንድ ፊኛዎች ግን የሕይወት አድን ጃኬት ምትክ አይደሉም። ሊተነፍሱ፣ ሊቀደዱ ወይም ከሰውነት ሊወልቁ ስለሚችሉ ሐይቅ ለማቋረጥ መታመን የለባቸውም።

4. ጀልባ ስለ መከራየት

የኢትዮጵያ የውኃ ላይ ትራንስፖርት በፌዴራል ደረጃ በኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ሥር የሚታይ ሲሆን፣ የዘርፉ አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 549/1999 ተደንግጓል። በጣና ላይ የሚሠሩ ጀልባዎችን በሚመለከት ተገልጋዮች በባሕር ዳር ከወደቡና ከክልሉ የትራንስፖርት ተቋም ማብራሪያ መጠየቅ ይችላሉ።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አስተባባሪው ጀልባውን በአካል አይቶ የሚከተሉትን ማረጋገጥ አለበት።

ሀ. የመጫን አቅም፦ ጀልባው ስንት ሰው እንዲጭን እንደተፈቀደለት ሰነዱን መመልከት። ሕፃናት ከቁጥሩ ውጭ አይደሉም። ሻንጣ፣ የምግብና የውኃ ዕቃ፣ ተጨማሪ ነዳጅም ክብደት መሆናቸው አይዘነጋ። ለምሳሌ 12 ሰው የተፈቀደለት ጀልባ ለ15 ሰው ቡድን ቢቀርብ ትክክለኛው መፍትሔ ሁለት ጀልባ መከራየት ነው። ተጨማሪ ወጪ ቢኖረውም፣ አንዱ ጀልባ ሞተሩ ቢጠፋበት ሌላው ሊደርስለት ይችላል።

ለ. የሕይወት አድን ጃኬት፦ ለእያንዳንዱ ተጓዥ አንድ መኖሩን፣ ለሕፃናት በልካቸው መዘጋጀቱን፣ ማሰሪያዎቹ መሥራታቸውንና ስፖንጁ ያልተቀደደ መሆኑን መቁጠርና መፈተሽ። ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ጥቅም ስለሌለው ከወደቡ እስከ ወደቡ ተለብሶ መቆየት አለበት።

ሐ. ሞተርና ነዳጅ፦ ባለቤቱ ሞተሩን አስነሥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ። ነዳጁ ለታሰበው ርቀት ከሚበቃው በላይ በቂ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። ትርፍ ነዳጅ የተያዘበት ጄሪካን ክዳኑ የጠበቀና ከተሳፋሪዎች የራቀ መሆን አለበት፤ በጀልባው ላይ ሲጋራ ማጨስና እሳት መጫር ፈጽሞ አይፈቀድ።

መ. ባለሙያ፦ የጀልባው ነጂ መስመሩን እስከ ጎርጎራ ድረስ የሚያውቅ መሆኑን፣ ረዳት መኖሩን፣ መቅዘፊያ፣ ገመድ፣ የውኃ መቅጃና የእጅ ባትሪ መያዛቸውን ማረጋገጥ።

ሠ. የጽሑፍ ስምምነት፦ መነሻና መድረሻ፣ የሚቆምባቸው ቦታዎች፣ የሰው ብዛት፣ ጠቅላላ ዋጋና የቅድሚያ ክፍያ በጽሑፍ መስፈር አለባቸው። ተጓዦች ጎርጎራ ከወረዱ በኋላ ጀልባው ባዶውን ስለሚመለስ የመመለሻው ነዳጅ በዋጋው ውስጥ መካተቱ የተለመደ ነው፤ ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ በመድረሻው ላይ ክርክር ያስከትላል። የገዳማት መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከጀልባው ኪራይ ተለይተው ይከፈላሉ። ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ መቀበል ይገባል።

በስምምነቱ ውስጥ መዘንጋት የሌለበት አንድ አንቀጽ አለ። ይኸውም በነፋስ ወይም በማዕበል ምክንያት ነጂው ጉዞውን ሲያቋርጥ ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ የሚወስነው ነው። ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ነጂው ገንዘቡን ላለማጣት፣ ተጓዡም ከፍያለሁ በማለት ወደ ማዕበሉ ሊገፉ ይችላሉ።

5. የቀኑ የጉዞ ሰሌዳ

ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በዘጌና በደቅ በኩል ያለው የውኃ መንገድ በግምት ከ70 እስከ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ስሌት የሚከተለው ሰሌዳ ሊያገለግል ይችላል።

• ንጋት 12፡00 ሰዓት፦ ከባሕር ዳር መነሣት። ተሳፋሪዎች ግማሽ ሰዓት ቀድመው ተገኝተው ስማቸው ይጠራል፤ ጃኬት ይለብሳሉ።
• 12፡50 ሰዓት፦ ዘጌ ባሕረ ገብ ምድር መድረስ። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን መጎብኘት፤ በቡና ተክል መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ ጊዜ ስለሚወስድ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ቆይታ።
• 1፡50 ሰዓት፦ ከዘጌ መነሣት።
• 3፡40 ሰዓት፦ ደቅ ደሴት መድረስ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መጎብኘት፤ ምሳ በልቶ ማረፍ።
• 4፡40 ሰዓት፦ የሐይቁን ሁኔታ ገምግሞ ለመቀጠል ወይም ለመቆየት መወሰን።
• 7፡00 ሰዓት፦ ጎርጎራ መድረስ። ከሰዓት በኋላ የደብረ ሲና ማርያምን ቤተ ክርስቲያን መጎብኘትና እዚያው ማደር፤ ወይም ወደ ጎንደር በተሽከርካሪ መቀጠል።

የጀልባው ፍጥነት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ የውኃው ጉዞ ብቻውን ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሁለቱ ማረፊያዎች ሲጨመሩ መድረሻው ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ነፋሱ የሚበረታበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ የተከራየ ቡድን የዘጌን ጉብኝት ለሌላ ቀን አቆይቶ በቀጥታ ወደ ደቅ ቢያመራ ይሻለዋል። በዚያው ቀን ጎርጎራ ደርሶ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ ለመመለስ ማቀድ ግን በየትኛውም ፍጥነት ተገቢ አይደለም።

6. በደቅ የሚወሰን ውሳኔ

ከባሕር ዳር እስከ ደቅ ባለው መንገድ ጀልባው አስፈላጊ ሲሆን ወደ ዘጌና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ሊጠጋ ይችላል። ከደቅ በኋላ ወደ ሰሜን ያለው ሰፊው ውኃ ግን የሚጠለሉበት ደሴት ብዙም የሌለው ገላጣ ክፍል ነው። ስለዚህ ደቅ የምሳ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን የውሳኔ ቦታም ነው።

የሚከተሉት ሁኔታዎች ሲታዩ ጉዞው መቀጠል የለበትም፦ የሞገዱ ጫፍ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ሲያሳይ፤ በአድማስ ላይ ጥቁር ደመናና መብረቅ ሲታይ፤ ሞተሩ በመንገድ ላይ የመቆራረጥ ምልክት አሳይቶ ከነበረ፤ ሰዓቱ ከታቀደው እጅግ ዘግይቶ ከሆነ፤ ወይም ነጂው ራሱ ሲያመነታ።

ነጂው “አንሄድም” ሲል ተሳፋሪዎች ሊጫኑት አይገባም። ከልምድ እንደሚታየው ጫናው የሚመጣው አስቀድሞ ከተያዘ ቀጠሮ ነው። ሰኞ ማለዳ ሱቁን ለመክፈት የወሰነ ነጋዴ፣ የመመለሻ ትኬት ለማግሥቱ ንጋት የቆረጠ ሠራተኛ፣ መኪናቸው ጎርጎራ እየጠበቃቸው ያለ ቤተሰቦች ለመዘግየት ፈቃደኞች ላይሆኑ ይችላሉ። መፍትሔው ከአዲስ አበባ ሲነሡ አንድ ትርፍ ቀን መያዝና የመመለሻ ትኬትን ጎርጎራ በሰላም ከተደረሰ በኋላ መቁረጥ ነው። አንድ ቀን የተዘጋ ሱቅ በማግሥቱ ይከፈታል፤ በውኃ ላይ የሚደርስ ጉዳት ግን የሚመለስ አይደለም።

7. በውኃ ላይ የሥነ ሥርዓት ደንቦች

ተሳፋሪዎች ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከመቀመጫቸው መነሣት፣ በአንድ ወገን መሰብሰብና ለፎቶግራፍ በጠርዝ ላይ መቆም የለባቸውም። ጉማሬ ሲታይ ነጂው ራቅ ብሎ እንዲያልፍ እንጂ እንዲጠጋ መጠየቅ አደገኛ ነው።

ሞተር ቢጠፋ ተሳፋሪዎች በቦታቸው ተቀምጠው የነጂውን ትእዛዝ ይጠብቁ። ጀልባው ቢገለበጥ ተንሳፋፊውን አካል ይዞ መቆየት ወደ ዳር ለመዋኘት ከመሞከር ይመረጣል፤ ዳርቻው ለዓይን ቅርብ መስሎ ብዙ ሊርቅ ይችላልና። የስልክ ኔትወርክ በሐይቁ መካከል ሊቋረጥ ስለሚችል አስተባባሪው ከመነሣቱ በፊት ጎርጎራ ላይ ለሚቀበለው ሰውና ለወደቡ የሚደርስበትን ሰዓት ማሳወቅ አለበት። ቡድኑ በተባለው ሰዓት ካልደረሰ ፍለጋ እንዲጀመር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

በጉዞው ወቅት በደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ያጋጥማሉ። በታንኳ ሥራ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላትና ሌሎች የአካባቢው ነዋሪዎች ዓሣ የሚያጠምዱባቸውና እንጨት የሚያመላልሱባቸው መተዳደሪያዎቻቸው ናቸው። ሞተር ጀልባ በአጠገባቸው በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ሞገድ ታንኳውን በውኃ ሊሞላው ስለሚችል ፍጥነት መቀነስ ግዴታ ነው። በአጠገባቸው የተዘረጋ መረብ ካለም ዞሮ ማለፍ ያስፈልጋል።

8. ጤናና የአካባቢ ጥበቃ

በጣና ዳርቻ የብልሃርዚያ በሽታ ስለሚገኝ በሐይቁ መዋኘትና በባዶ እግር ጥልቀት በሌለው ውኃ መቆም አይመከርም። የሐይቁን ውኃ ሳያፈሉ ወይም ሳያክሙ አለመጠጣት፤ ወባ ስላለም በሚያድሩበት አጎበር መጠቀም ይገባል።

እምቦጭ የተባለው መጤ አረም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተለይ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ትልቅ ችግር ሆኗል። ጀልባ በአረሙ መካከል ሲያልፍ የሞተሩ መዘውር ሊጠላለፍ ይችላል፤ ተቆርጦ በጀልባው ላይ የቀረው ክፍልም ወደ ሌላ ዳርቻ ሊዛመት ይችላል። አበባው ያማረ በመሆኑ ለጌጥ ብሎ መንቀልና ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። ፕላስቲክ ጠርሙስና የምግብ ጥቅል ወደ ሐይቁ ሳይጣል ተሰብስቦ ወደ ከተማ መመለስ አለበት።

9. የገዳማትን ሥርዓት ማክበር

ገዳማቱ ጸሎት የሚደረግባቸው ቅዱሳት ስፍራዎች በመሆናቸው ማንኛውም ጎብኚ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ሊለብስና ወደ ቤተ መቅደሱ ሲገባ ጫማውን ሊያወልቅ ይገባል። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና በጎርጎራ አቅራቢያ የሚገኘው ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ሴቶች የማይገቡባቸው የወንድ ገዳማት ናቸው። ቤተሰብ ያለባቸው ቡድኖች ይህን አስቀድመው ካላወቁ እናቶችና ሴቶች ልጆች በጀልባ ላይ በፀሐይ ተቀምጠው ለመጠበቅ ይገደዳሉ። በዚህ ጽሑፍ ሰሌዳ የተጠቀሱት ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ናርጋ ሥላሴና ደብረ ሲና ማርያም ወንዶችና ሴቶች በጋራ የሚጎበኟቸው ናቸው።

10. ተደጋግመው ለሚቀርቡ ጥያቄዎች የተሰጡ ምላሾች

ዋና የሚችል ሰው ጃኬት መልበስ ያስፈልገዋልን?
አዎን። ሰው በድንገት ከነልብሱና ከነጫማው ወደ ውኃ ሲወድቅ በመዋኛ ገንዳ ያገኘው ችሎታ እምብዛም አይጠቅመውም። ራሱን የሳተ ሰውን ደግሞ የሚያንሳፍፈው ጃኬቱ ብቻ ነው።

ከጎርጎራ ወደ አዲስ አበባ እንዴት ይመለሳሉ?
በተሽከርካሪ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን መመለስ ይቻላል።

ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት መሄድ ይችላሉን?
ረጅሙን ጉዞ ሳይሆን ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ያለውን አጭር ጉዞ እንዲመርጡና አስቀድመው ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ ይመከራል።

ጀልባው በስምምነቱ መሠረት ባያገለግል ለማን ማመልከት ይቻላል?
የጽሑፍ ስምምነቱንና ደረሰኙን ይዞ በመጀመሪያ ለወደቡ ኃላፊ፣ ምላሽ ካልተገኘ ለክልሉ የትራንስፖርት ተቋም በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። አቤቱታው የጀልባውን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተሳፋሪውን ብዛትና የተፈጸመውን ጉድለት መግለጽ አለበት። ከአቅም በላይ መጫንንና ያለ ጃኬት ማጓጓዝን የተመለከተ ጥቆማ ለመስጠት ግን ጉዳት እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። በዕለቱ የሚሰጥ ጥቆማ የሌሎችን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ማጠቃለያ

የረጅም የጀልባ ጉዞ ደኅንነት በዋናነት በአራት ነገሮች ይጠበቃል፦ በማለዳ በመነሣት፣ ከተፈቀደው በላይ ባለመጫን፣ ጃኬትን ከመነሻ እስከ መድረሻ በመልበስና ነጂው እንዲቆም ሲመክር በመቆም። ተገልጋዮች እነዚህን አሟልተው፣ አንድ ትርፍ ቀን ይዘው ከተነሡ ሐይቁን የማቋረጥ ጉዟቸው ለራሳቸውም ለአካባቢው ነዋሪዎችም መልካም ይሆናል።

መልካም ጉዞ!